ለአንዲት ክንድ የተነቀለው አንጮቴ

ነቀምቴ የካቲት ሲገባ ፀሐይዋ ምሕረት የላትም። ገና ረፋድ ሳይሆን የአጥሩ ቆርቆሮ ይግላል፤ ጎመኑ ቅጠሉን አጥፎ አንገቱን ይደፋል። ሰላጣ ደግሞ ድሮም ሰበብ ፈላጊ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ግንዱን ቀስሮ ያብብና እሬት እሬት ይላል። ስለዚህ ውሃ የማጠጣው ወፍ ሲንጫጫ፣ ሰው ሳይነሳ ነው። ቲማቲሙን ከቡና መፈልፈያ ቤት በከረጢት ተሸክሜ ያመጣሁትን ገለባ ከሥሩ አለብሰዋለሁ፤ እርጥበቱን ይዞ ያቆይልኛል። ለችግኙ አሮጌ ነጠላዬን በእንጨት ወጥሬ ጥላ ሠርቼለታለሁ። ቧንቧችን ሲፈልግ የሚመጣ ሲያሻው የሚጠፋ ስለሆነ፣ ጎመን ያጠብኩበትን ውሃ ለቃሪያው፣ ልጄን ያጠብኩበትን ለቆስጣው እሰጣለሁ።

ይህን ጓሮ ያየ ሁሉ የነካሽው ይበቅላል ይለኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? የቆረጥኩትን አላዩት።

ጓሮው የኔ አይደለም፤ የአከራያችን ነው። ልጄ አኮ ትላቸዋለች፣ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። እኔም ከልጄ አፍ ወስጄ አኮ ነው የምላቸው። አሮጊት ናቸው፣ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ለእኛ ከኋላ ያለችውን አንድ ክፍል አከራዩንና ጓሮውን ደግሞ ዝም ብለው ሰጡን። መሬት ባዶውን ሲያድር ያሳዝነኛል ብለው ነው እንጂ አንድም ቀን የጓሮ ብለው አልጠየቁኝም። ባለቤቴ አኖ የምትባል ከተማ የግንብ ሥራ ስለያዘ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እናም ግቢው ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ አኮ፣ እኔና ልጄ።

እኛ የመጣነው ከጊዳ አያና በኩል ነው። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተድሬ፣ እዚያው ወልጃለሁ። ክፉው ጊዜ የመጣ ዕለት ከልጄ ጋር ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተን ዋልን። ገና ነፍስ አላወቀችም ነበር። እንዳታለቅስ አፏን በመዳፌ አፍኜ ነው የዋልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ባየሁ ቁጥር ውስጡ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ታዲያ ይህ ግቢ ስንገባበት አጥሩ ዙሪያውን አንጮቴ ለብሶ ነበር። አንጮቴ ሐረግ ነው፤ ከመሬት በታች ድንች የመሰለ፣ ከድንች የገዘፈ ሥር ያወጣል። ወለጋ ውስጥ ትልቅ ምግብ ነው። በተለይ ለወለደች ሴትና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ያበሉታል፤ አጥንት ይጠግናል ይላሉ። የሚነቀለው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከሁሉ ግን አንድ ሁለቱን ለዘር ብለው አይነኩትም። ያ የዘር ሥር መሬት ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፣ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ ፍሬው እንደ በርበሬ ሲቀላ ዘሩን ከዚያ ያወጡታል። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። እኔ ያየሁት ሌሊት በነፋስ የሚንሿሿ አጥር ነው።

አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩና አጥሩን ላጽዳው ብዬ አኮን ለመንኳቸው። ለጎመን ቦታ እፈልጋለሁ አልኩ እንጂ ፈራሁ አላልኩም። እሳቸው ግን ገባቸው።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አንጮቴ ሰው ይደብቃል እንዴ? ያን ሁሉ ልጅ እዚህ አሳድጌ አንዱንም ከሥሩ አላገኘሁት።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ቀጥለው ግን እንቅልፍ ከሚነሳሽ ቁረጪው አሉኝ። ዙሪያውን ቆርጬ፣ ሥሩን ነቅዬ ጣልኩት። የቀረው ኩሽናቸው ጥግ ያለው አንድ የዘር ሥር ብቻ ነው። እሱ አማታቸው ከሰጧቸው ዘር የበቀለ ነው፤ እሱን አትንኪብኝ አሉ። ሥሩን አልነካሁትም። ሐረጉ ግን ኩሽናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጥቅጥቅ ሲል እጄ አላስቻለውም፤ ባለፈው ዓመት ፍሬው ገና ሳይቀላ ሐረጉን በማጭድ መልምዬ ጣልኩት። አኮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩት። የዘንድሮ ዘር ቀረ ማለት ነው አሉና ገቡ።

አሁን የልጄን ነገር ልናገር። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እሷ አልፋኛለች። ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ፣ አመጣታለሁ። ከዚያ ውጭ ከግቢ አትወጣም ነበር። የሰፈሩ ልጆች በበጋ ከከተማው ዳር ወዳለው ወንዝ እየወረዱ ጎራ ይለቅማሉ። ጎራ በእኛ ቤት እንጆሪ የምንለው እሾሃም ፍሬ ነው። አፋቸው ጠቁሮ፣ ቀሚሳቸው ተቀዶ፣ እየተሳሳቁ በበራችን ያልፋሉ። ልጄ በቆርቆሮው ቀዳዳ ታያቸዋለች። ልሂድ ስትለኝ ወንዙ ዳር ጫካ አለ እላታለሁ። ጫካው ውስጥ ምን አለ ስትለኝ ነይ ጎመኑን ኮትኩቺልኝ እላታለሁ።

በኋላ እኔው ራሴ ሄጄ አንድ የጎራ ግንድ ከነሥሩ ነቅዬ አመጣሁላትና አጥሩ ሥር ተከልኩላት። ቤትሽ ውስጥ ትበያለሽ አልኳት። ደስ አላት። ጎራ ግን እንደ ጎመን አይደለም፤ ይንጠራራል፣ ይጠላለፋል፣ በአንድ ክረምት ጎጆ ያህላል። እኔም በጎረመሰ ቁጥር ቆረጥኩት። አኮ አንድ ቀን ማጭዱን ይዤ አይተውኝ፣ ጎራ የሚያፈራው አምና ባደገው ግንድ ላይ እንደሆነ፣ የዘንድሮውን ከቆረጥኩት ለከርሞ የሚያፈራበት እንደሌለው ነገሩኝ። ሰማሁ። ገባኝም። ግን ጨለማ ሲሆን ያ እሾህ የሰው ትከሻ ይመስለኛል። በሚቀጥለውም ዓመት ቆረጥኩት። ልጄ መቼ ነው የሚያፈራው ስትለኝ ገና ሕፃን ነው እላታለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመንና ቃሪያዬን ገበያ ይዤ ስወጣ የግቢውን በር ከውጭ እቆልፈው ነበር፤ አኮ የራሳቸው ቁልፍ አላቸው። በሩ መቆለፉን ሲያዩ ያሾፉብኝ ነበር።

«ነቀምቴ ሁለት ወህኒ ቤት አላት፤» ይላሉ፣ «አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የአንቺ። የመንግሥቱ እንኳ እሑድ ጠያቂ ያስገባል።»

ጎረቤት ሲስቅ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ያን ቅዳሜ አኮ ጸሎት ፕሮግራም አለብኝ ብለው ከጠዋት ወጡ። እኔ ቆልፌ ገበያ ሄድኩ። ሙቀቱ ስለበረታ ጎመኑ ቶሎ ጠወለገብኝ፤ ውሃ እየረጨሁበት እስከ አመሻሽ ቆየሁ። ስመለስ ልጄ አጥሩ ጥግ ካለው የዘይቶን ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ታቅፋለች፤ ክንዷ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል። አጠገቧ ጆግ አለ። ጆጉ ጎራ ሞልቶታል።

ከዛፍ ወደቅኩ አለችኝ። ጎራውን ሳይ ግን ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በዘይቶኑ ላይ ወጥታ አጥሩን ተሻግራ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወንዝ ወርዳለች። ለቅማለች፣ በልታለች፣ ተጫውታለች። ተመልሳ በአጥሩ ስትገባ እግሯ ከቅርንጫፉ ሸርተት አለ። ወንዝ መሄዷን እንዳወቅኩ ስታይ ማልቀሷን አቆመችና ታባብለኝ ጀመር።

«ወንዙ ጋ ምንም አልሆንኩም እማ። እዚሁ ቤታችን ነው የወደቅኩት። አንቺ ሳትመጪ ልግባ ብዬ ስቸኩል ነው።»

እኔን ለማጽናናት ነው እንዲህ ያለችው። ወንዙን እንዳልጠላባት ነው። ያን ያህል የሚያቆስል ነገር እንደ ተናገረች አታውቅም።

ፀሐይ ልትገባ ነበር። አኮ ያኔውኑ ደረሱና ክንዷን አይተው ባጃጅ ልጥራ፣ ሆስፒታል እንሂድ አሉ። ሆስፒታሉ ከተማውን አቋርጦ ነው። እኔ ወደ በሩ አየሁ፣ ወደ መንገዱ አየሁ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ይቻኮላል። መሽቷል አልኩ። ነገ እንሄዳለን አልኩ። አኮ በኦሮምኛ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ እኔ አለሁ አይደል እያሉ ለመኑኝ። እንቢ ብዬ ከቤታችን ከፍ ብሎ ያለውን ወጌሻ አስጠራሁ። ሰውየው ደግ ሰው ነው፤ በቅቤ አሸ፣ ሳበ፣ በቀርቀሃ አሰረው። ልጄ ስትጮህ አፏ ላይ እጄን ልጭን ቃጣኝና መዳፌን ሳየው ደነገጥኩ። እጄን ከኋላዬ ደበቅኩት። ሲነጋ ሕመሙ ቀለል አላት፤ እኔም ሆስፒታሉን ተውኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ጓሮ ውሃ ሳጠጣ አኮ ዶማ ይዘው ከኩሽናቸው ወጡ። ከዘሩ ሥር አጠገብ ቁጢጥ አሉና መሬቱን መቱት። በየካቲት መሬት ሸክላ ነው፣ ዶማው ነጥሮ ተመለሰ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ ባልዲዬን አስቀምጬ ሮጥኩ። ይተዉት፣ እኔ ገበያ ፈልጌ እገዛለሁ አልኳቸው። በየካቲት አንጮቴ ማን ይሸጥልሻል፣ የሁሉም ሰው በጥቅምት አልቋል አሉኝ። እውነት ነበር።

«ዘሩስ አኮ? አማትዎ የሰጡዎት አይደል?»

«ዘሩን ሌላ ቀን እናስባለን። የልጅቷ ክንድ ግን አሁን ነው የተሰበረው። ይልቅ ያን ውሃ አምጪ፣ መሬቱ ይራስልኝ።»

ባልዲውን አመጣሁ። እኔው አፈሰስኩበት። መሬቱ ጠጣ፣ ለሰለሰ፣ ዶማው ገባ። ዛሬ ድረስ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይተዉት አልኩ፣ ሁለተኛ አላልኩም፤ ልጄ እንድትበላው ፈልጌ ነበር። ያን አጥር ሙሉ አንጮቴ ባልቆርጠው ኖሮ ከመካከሉ አንዱን ማንም ሳይጎዳ እንነቅል ነበር። አምና ሐረጉን ባልመለምለው ዘሩ በእንስራ ይቀመጥ ነበር። አሁን ግን ያለው ይኸው አንዱ ነው፣ እሱም እየወጣ ነው።

የሕፃን ራስ ያህላል። አሮጌ ስለሆነ እንጨት እንጨት ይላል። አኮ ከነልጣጩ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀቀሉት፣ ላጡት፣ በሙቀጫ ወቅጠው ቃጫውን እያወጡ ጣሉ፣ የተረፈውን በንጥር ቅቤ አሹት። ልጄ አንድ ጊዜ ጎረሰችና ፊቷን አጨማደደች። አኮ፣ አፈር አፈር ይላል አለቻቸው። እሳቸውም የአጥንት መድኃኒት ኬክ ኬክ እንዲልሽ ነበር የፈለግሽው አሏት። ሳቀችና በላች። እኔ ድስቱን ለማጠብ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጉድጓዱ ኩሽናው ጥግ እርጥብ እንደሆነ አለ። አፈሩን በእግሬ መልሼ ደፈንኩት።

ክንዷ ሲጠግግ ቀጥ አላለም። ኋላ ባለቤቴ መጥቶ ሆስፒታል ሲወስዳት ራጅ አንስተው አጥንቱ ጠሞ ተያይዟል፣ በዕለቱ ብትመጡ ኖሮ ጀሶ አድርገን እናስተካክለው ነበር አሏቸው። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም። ክንዷ ይሠራል፤ ብቻ ክርኗ ላይ ወደ ውጭ ትንሽ ይሄዳል። አኮን ሁሉም ሰው አንጮቴውን አመሰገነላቸው፣ ቶሎ ዳነች ብለው። እኔም አመሰገንኩ።

ሚያዝያ ሲገባ ዝናቡ ሊመጣ ሰማዩ ይጉረመረም ጀመር። አንጮቴ የሚዘራው ያኔ ነው። አኮ ቢላ በምትባል ከተማ ታናሽ እህት አሏቸው፤ የእሳቸው ጓሮ አንጮቴ አይጠፋውም፣ ዘር ላምጣ አሉ። መልካም አልኩ። ዕቃቸውን ላሰናዳላቸው ስነሳ፣

«ልጅቷን ስጪኝ፤» አሉ። «ለእሷ ነው የተነቀለው። ዘሩን በእጇ ታምጣልኝ።»

መንገዱ አልኳቸው። ደግሜ መንገዱ አልኩ። አኮ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ በዚያው መንገድ ነው የምሄደው አይደል? ወይስ አሮጊት ከሆነ ግድ የለም?»

እንዲህ ማለቴ አይደለም ብዬ ማልኩ። እንደዚያ ማለቴ ነበር ግን። አስቤው ሳይሆን ሳላስበው ማለቴ ነበር። እኔም አብሬያችሁ ልሂድ አልኩ። ጓሮውን ማን ያጠጣል አሉኝ፤ ቲማቲሙ መቅላት ጀምሯል፣ በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን አይጠብቅሽም አሉ። ልጄ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ትሰማ ነበር። ልለምንሽ አላለችም። ልሂድም አላለችም። ወንዝ ልሂድ ብላ በቀዳዳ ታይ የነበረች ልጅ መጠየቅ ትታለች። ያን ሳይ ነው ትሂድ ያልኩት። ደፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ አፍሬ ነው።

በጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ልጄ በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ፣ በደህናው እጇ። ቤት ተመልሼ ቲማቲሙን አጠጣሁ። ጎመኑን አጠጣሁ። ቃሪያውን ኮተኮትኩ። እንደገና ቲማቲሙን አጠጣሁ። አኮ ጋ ስልክ ብደውል አይሠራም። እኔ ግን ኔትወርክ አይመስለኝም፤ ሌላ ሌላ ነው የሚታየኝ። በማግሥቱ ረፋድ እንመጣለን ብለው ነበር፤ ረፋዱ አለፈ። በጠራራ ፀሐይ ቲማቲሙን ሦስተኛ አጠጣሁት፣ ቀን አይጠጣም እያልኩ ለሰው የምመክር እኔ። ደርቆ የከረመ ቲማቲም ውሃ ሲበዛበት ቆዳው አይችለውም፤ ማታውን የቀሉት ሁሉ ዙሪያቸውን ተሰነጠቁ። ለገበያ የጠበቅኩት ምርት ነበር። የዚያን ሳምንት የተሰነጠቀ ቲማቲም ይዤ ገበያ ወጣሁ፤ ደንበኞቼ በረዶ መታብሽ እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

የመጡት በከሰዓት ነው። መኪና ተበላሽቶባቸው ነው የቆዩት። ልጄ ቅንድቧ ድረስ አቧራ ለብሳለች። በቀይ ጨርቅ የተቋጠረ ዘር ይዛ ሮጣ መጣች። እሷው ራሷ ነው ከፍሬው ያወጣችው፣ በአመድ አሽታ ሙልጭልጩን ያስለቀቀችው፣ ጥላ ላይ ያደረቀችው። ይህን ሁሉ ሳትተነፍስ ነገረችኝ። አልሰማኋትም፤ እግሯን፣ አንገቷን፣ ክንዷን እያየሁ ነበር። ገባትና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«እማ፣ መንገዱ ላይ እኮ ላም ብቻ ነው ያለው።»

አኮ ከት ብለው ሳቁ። አንድ ላም እንደውም አልነሳም ብላ አስቆማናለች አሉ።

በደህና መመለሳቸውን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም አለኝ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ገባብኝ። መንገዱ ላይ ላም ብቻ ከሆነ፣ ወንዙ ዳር ጎራ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ዓመት የቆለፍኩባት ምኑን ነበር? አንድ ክፉ ነገር ቢኖር ኖሮ ይኸው ለዚህ ነው እል ነበር። ያላየችው ክፉ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ ነገም አይመጣም ብዬ አልምልም። ክንዷን የሰበረው ግን እሱ አይደለም።

ዘሩን እሷና አኮ ዘሩት። በቅሏል። አሁን ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኩዮቿ ጋር ትወጣለች፤ ትምህርት ቤትም ለብቻዋ ትሄዳለች። እስክትመለስ ድረስ ሥራ አይያዝልኝም፤ ይህ አልተወኝም፣ የሚተወኝም አይመስለኝም። ስትመለስ ጓሮ ታግዘኛለች። ቲማቲም ስትለቅም ከፍ ያለውን በቀኟ ነው የምትደርስበት።

ሰሞኑን ሙቀቱ እንዲያ ሆኖ፣ ወፎቹ እንኳ ጥላ ፍለጋ ጎመን ሥር ሲገቡ፣ እሷ እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሳ ጓሮ ገባች። ላብ ግንባሯ ላይ ይወርዳል። አውልቂው እንጂ፣ ሊያፍንሽ ነው አልኳት። ፀሐዩ ቆዳዬን ያቃጥለኛል አለችና ጎንበስ ብላ ቃሪያ መልቀም ቀጠለች። ሌላ ልጅ ሁሉ እጁን ገላልጦ በሚሮጥበት ቀን ነው። ሹራቡ ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔ ነው። ክርኗን እንዳላየው ነው።

እሺ አልኳትና ውሃ ቀድቼ አመጣሁላት። ቆማ ጠጣችው።